ከባህር ወለል በላይ

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣
የኤሊ ቅርፊት አየሁ ከሱቅ ግድግዳ ተሰቅሎ።
ከጋሻና ከከበሮ፣ ከቆዳ ቦርሳ መሐል፣
ዋጋው በብጣሽ ወረቀት አንገቷ በነበረበት ተንጠልጥሏል።
ከባህር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ምናምን ሜትር፣
ዋኝታ አልመጣችበትም፤ ሰው ነው ያመጣት በብር።

«የባህር ነው» አለች ሻጯ፤ «እንዲህ ያለው ድሮ፣ ድሮ፤
ዘሩ እያለቀ ነው አሉ፣ አይገኝም ዘንድሮ።»
ማለቁን ለዋጋ ማድመቂያ ስትጠራው ሰምቼ፣
የሰዓቴን ባትሪ ላስቀይር ወጣሁ እሷን ትቼ።

ግማሽ ሰፈር ፈርሶ እንኳ፣ ፒያሳ ከአንድ ደረጃ ሥር ተርፎ፣
ጋሽ አስፍሐ ሰዓት ይሰራል፣ አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ለጥፎ።
ባህር ኃይል ነበር ድሮ፣ ምጽዋ፣ ነጭ ለባሽ፤
ዛሬ በጥርስ ብሩሽ የሰው ሰዓት አቧራ አባሽ።
ስለ ቅርፊቱ ስነግረው ባትሪዋ ከጣቱ አመለጠች፤
«ሴት ናት» አለ ሳያያት፤ «ልትወልድ እንደወጣች ቀረች።

ዳህላክ ነበርን፤ ጨረቃ የለችም፤ አሸዋው ገና ሙቀት አለበት፤
ከማዕበሉ ተጎትታ ወጣች፣ ቋጥኝ የምታክል ፍጥረት።
ጉድጓዷን በእግሯ ስትምስ፣ ዕንቁላሏን ስትጥል፣
ዓይኗ ያነባል፤ ጨው ነው ይላሉ፤ እኔ ምን ልበል?
ሦስት ሆነን ገለበጥናት። በጀርባዋ ከተኛች
ኤሊ አትነሳም፤ ሰማይ እየቀዘፈች አነጋች።
ሾርባ ሆነች። ዕንቁላሏን በቆባችን ለቅመን በላን።
ሃያ ዓመታችን ነበር፤ ባህሩ የማያልቅ መሰለን።»

ዝም አለ።
ከራስጌው የተሰቀሉት ሰዓቶች፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቁጥር፣
አንዱም ልክ አይደለም፤ አንዱም አልተወም መቁጠር።

«የእህቴ ልጅ ጅቡቲ ይነዳል፤ ባለፈው መጥቶ ሲያወራኝ፣
የሞተች ከዳር አይቷል፤ ያፏን ነገር ሲነግረኝ አመመኝ።
ስስ ፌስታል፤ የኛው ዓይነት፤ ሽንኩርት የምንቋጥርበት፤
ዝልግልጉን ቀለቧን መስሏት፣ ባህር ውስጥ ሲንሳፈፍላት።
የመረብ ቁራጭ ካንገቷ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር
ብለን ተርተን የለ? የናይሎን ድር ማንን ያስር?
የሚያስረውን አያውቅም፤ ጌታው ጥሎት ሄዷል፤
ብቻውን ባህር ለባህር እየዞረ ያጠምዳል።
መክሬዋለሁ ልጁን፦ ከዳር ካደርክ፣ ፋናህን አጥፋ፤
ጫጩት ብርሃን ተከትሎ፣ ባህሩ ጠፍቶት እንዳይጠፋ።»

ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆምኩ። ከታች ወንዙ ጠቁሮ፣
ፌስታል በፌስታል ላይ፣ ከቁጥቋጦ ተቆላልፎ ታስሮ።
ልቤ ሊያለቅስ ተነሳ፦ ይሄም ባህር ይገባል!
አይገባም። ሐቁን ልናገር፦ አቃቂን አልፎ አዋሽ ይወርዳል፤
አዋሽም ባህር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል።
የኔ ፌስታል የሚያንቀው የቆቃን አሳ፣ የመንገዱን ላም ነው።

ታዲያ ይሄ ምን ያጽናናል?
ያልነገርኳችሁ አለ፦ ዋጋዋን ጠይቄ ነበር፣ ተከራክሬ፣
ለሳሎኔ ግድግዳ በልቤ ለክቼ፣ አሳምሬ።
«ዘሩ እያለቀ ነው» ስትለኝ የመጣልኝ ሐዘን አልነበረም፤
ቶሎ ልግዛው ነበር። ይህን ለጋሽ አስፍሐ አልነገርኩትም።

በማግስቱ ሥራውን ዘግቶ፣ ቸርችልን ቁልቁል ወረድን።
«አውርጂልኝ» አላት ልጅቷን። በሁለት እጁ ተቀብሎ
ከመደርደሪያው አኖራት፣ ጀርባዋን ወደ ላይ አስተካክሎ፤
እንደምትሄድ።
እንደምትነሳ።
«ትገዙታላችሁ?» «የለም፤ ሌላም አታስመጪ፣ ልጄ፤
ቢላዋ የሚሳለው ገዢ ሲኖር ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ በእጄ።»
ልጅቷ ዋጋውን ፈታች፤
አልቀደደችውም፤ ኪሷ ከተተች።

ውጪ ካፊያ ጀምሯል።
«ፌስታል?» አለ ባለ ጋሪው፣ ሽንኩርቱን መዝኖ ሲሰጠኝ፤
ጋሽ አስፍሐ ቆቡን አወለቀ፤
ገልብጦ ያዘልኝ።